ባለቤት ስላጡት የሰፈራችን ውሾች



ባለፈው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ «የሚዞሩት ውሾች በመርዝ ይጥፉ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ እንደ ተነሣለት የምታስታውሱት ነው። አንድ ሕፃን ልጃችን ከዳቦ ቤት ሲመለስ ተነክሶ እናቱ ለክትባት ስትመላለስ የሰነበተችበት ጊዜ ስለነበር ቁጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ውሳኔው ለአንድ ወር ይቆይ ብለን የጠየቅነው እኛ ነን፤ ለምን እንደ ጠየቅን መናገርም ይገባናል።

ለመሆኑ እነዚህ ውሾች ከየት መጡ? ከጫካ አልመጡም። በታች በኩል ያሉት ቤቶች ፈርሰው ጎረቤቶቻችን ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ፣ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ውሻው በር ላይ ቀረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ የት ይታሰራል? በሰዎቹ አንፈርድም። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው ሁሉ ፍርስራሹን ሲጠብቁ ከረሙ፤ እኛም እንቅልፍ ነሱን እያልን ስንረግማቸው ከረምን።

በመርዝ ውሻው ያልቅ ይሆናል። ነገር ግን ከሥጋ ቤቱ ጀርባ የሚጣለው አጥንትና የገንዳው ቆሻሻ እስካለ ድረስ ሌላ ውሻ ከሌላ ሰፈር ይመጣል፤ እሱም ያልተከተበ። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን ከሚይዝበት መንገድ እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ መዛመቱ ይገታል፤ በመግደል ግን አልተገታም። ደግሞስ መርዙን ልጅ ቢያነሣው?

በወሩ ውስጥ ወጣቶቻችን ገንዘብ አዋጥተው፣ የእንስሳት ሐኪም ጠርተው አምስቱንም አስከትበዋል። ሦስት ወር የሞላቸውን ሁለት ቡችሎች አንዱን ጋራዡ፣ ሌላዋን ወፍጮ ቤቱ ወሰዷቸው። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ «ቡቺ ካለች እኔም ትንሽ አሸልባለሁ» ይላል (ይህን አሠሪው ባያነቡት ደግ ነው)።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን «ክፉ ነው» የምንለው፣ ጆሮው የተቆረጠው ቡናማ ውሻ ነው። በቀደም ለቅሶ ድንኳኑ አጠገብ ተኝቶ ሳለ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ የካ አባዶ የሄዱ አንዲት እናታችን ሊያስተዛዝኑ መጥተው «መቻል!» ብለው ቢጠሩት፣ እያለቃቀሰ በሆዱ እየተሳበ እግራቸው ሥር ወደቀ። ነጠላቸውን ጭቃ በጭቃ አደረገው፤ እሳቸውም አልተቆጡ። ለቀስተኛው ሁሉ የመጣበትን ረስቶ ቆሞ ያይ ነበር። በማግስቱ ሰበታ ግቢ ያለው ልጃቸው መጥቶ ወሰደው።

የቀሩት ሁለት ናቸው። ልጁን የነከሰችው የቡችሎቹ እናት ናት፤ 10 ቀን ታስራ ታይታ ጤነኛ ሆና ተገኝታለች። ቢሆንም ሕፃን ላለበት ቤት አንሰጣትም፤ መጋዘን ወይም ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ቢወስዳት ይሻላል። ሌላው ነጩ ሽማግሌ ውሻ ነው፤ ከጥርሱም ብዙ የቀረው የለም፣ ፍርፋሪ ይበቃዋል።

ውሻ ያላችሁም በየዓመቱ አስከትቡ፤ ማታ ማታ አትልቀቁ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

የጠየቅነው ወር የሚሞላው የፊታችን እሑድ ነው። ሁለቱን ማየት የሚፈልግ ከዚያ በፊት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ዘበኛውን ይጠይቅ።