የኮሮና ቫይረስ የሚገባበት ደጅ

ቤቱን ሊጠብቅ የሚወድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሌባ የሚገባበትን ደጅ ሊያውቅ ይገባዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ጀምሮ ብዙ ቤተ ሰብ ያሳዘነው የኮሮና ቫይረስ ወደ ሰው ሕዋስ በምን አኳኋን እንደሚገባ፥ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል።

ይህ ቫይረስ እጅግ ከማነሱ የተነሣ 10000 ያህሉ በአንድ ረድፍ ቢሰለፉ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የውጭ ልባሱ ከስብ የተሠራ ሲሆን በዙሪያው እሾሆች ቆመውበታል። በአጉሊ መነጽር ለተመለከቱት ሊቃውንት ዘውድ የደፋ ስለ መሰላቸው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 የዚህን ወገን ቫይረሶች ኮሮና ብለው ሰየሟቸው፤ ትርጓሜውም በላቲን ዘውድ ማለት ነው።

በአፍንጫችንና በሳንባችን ሕዋሳት ላይ ኤሲኢ 2 የሚባል ፕሮቲን አለ። ተግባሩ የደምን ግፊት ለማስተካከል መርዳት ነበር፤ ነገር ግን የቫይረሱ እሾህ እንደ ቍልፍ ሆኖ ይገጥመዋል። ሆኖም ደጁን መያዝ ብቻውን መግባት አይደለም፤ እሾሁ ካልተቈረጠ ደጁ አይከፈትም። የሚያሳዝነውም፥ ቈራጩ ከራሱ ከቤቱ አገልጋዮች አንዱ መሆኑ ነው። ቲኤምፒአርኤስኤስ 2 የሚባለው የገዛ ሰውነታችን ፕሮቲን እሾሁን ሲቈርጠው የቫይረሱ ልባስ ከሕዋሱ ልባስ ጋራ ይዋሐዳል፤ መልእክቱም ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ቈራጭ በሌለበት ሕዋስ ደግሞ ቫይረሱ በትንሽ ከረጢት ተውጦ ይገባና፥ በዚያ ባለው አሲድ የሚሠራ ሌላ ቈራጭ ይከፍትለታል።

ሁለቱን ደጆች ለይቶ ማወቅ እንደሚያስፈልግ በ2012 ዓመተ ምሕረት ታይቷል። ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባሉት የወባ መድኃኒቶች ከጦጣ ኵላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ሲፈተኑ ቫይረሱን ስለ ከለከሉት ብዙ ሰው ተስፋ አደረገባቸው። እነርሱ ግን የሚዘጉት የከረጢቱን መንገድ ነው፤ በሳንባ ሕዋሳት ዘንድ ፊተኛው ደጅ ክፍት ነውና፥ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በብዙ በሽተኞች ላይ ሲፈተን ሳይጠቅም ቀረ።

የገባው መልእክት 30000 ያህል ፊደል ያለው ደብዳቤ ነው። በራስጌው የሕዋሱን የራሱን ደብዳቤ የሚመስል ምልክት ስላለበት፥ የሕዋሱ ሠራተኞች ማኅተም እንደ ተመታበት ትእዛዝ ቈጥረው ሳይጠራጠሩ ይፈጽሙታል። እሾሁንም ሌላውንም ክፍል ይሠሩለታል፤ የተወለዱትም ቫይረሶች ወጥተው ጎረቤቱን ሕዋስ ይይዛሉ።

እንግዲህ ይህን ያወቀ ቤተ ሰብ የጥንቃቄውን ምክንያት ያስተውላል። ሳሙና የስቡን ልባስ ያፈርሳል፤ ክትባት የሰውነታችን ጠባቂዎች እሾሁን አስቀድመው እንዲያውቁት ያደርጋል፤ መስኮት መክፈትና አፍና አፍንጫን መሸፈን በእስትንፋስ የሚመጣውን ያሳንሳል። ይህም ሁሉ ይልቁን ለሽማግሌዎቻችን ነው፤ ደዌው የሚበረታው በእነርሱ ላይ ነውና። ስለዚህ ጕንፋን የመሰለ ሕመም የያዘው ልጅ የአያቱን ጕልበት ሳይስም ከሩቅ እጅ ቢነሣ፥ አክብሮቱን አበዛ እንጂ ነውር ሠራ አይባልም።