የልጁን ውሃ ይዤ፣ የራሴን ትቼ

ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። የማሳድገው ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ብስክሌት ገዛለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ፣ እሱ ብስክሌቱን እየነዳ እኔ ከኋላው እየሮጥኩ ሰፈሩን እንዞራለን። ፀሐይ ዘቅዘቅ አለች ማለት ግን ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት የሚተፋው ያኔ ነው።

ማዳም ከመውጣታችን በፊት የልጁን ጠርሙስ በረዶ ጨምራ ትሞላለች። «በየሩብ ሰዓቱ አጠጪው፤ አልጠማኝም ቢልም አትስሚው» ትለኛለች። ትክክል ናት። በሙቀት ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጥም እስኪሰማው ከጠበቀ ዘግይቷል። እኔ ግን በእጄ ውሃ ይዤ፣ አንድ ጉንጭ ሳልቀምስ አንድ ሰዓት ሙሉ እሮጥ ነበር። አትጠጪ ያለኝ የለም። ስለኔ ውሃ ግን ማንም አላሰበም፤ እኔም ራሴ አላሰብኩም።

አንድ ቀን በጁላይ ወር መጀመሪያ ባቴን ሸመቀቀኝ። ዝም ብዬ ሮጥኩ። ቀጥሎ ራሴን ወቀረኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝና የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ ብስክሌቱን ጥሎ መጣና የራሱን ጠርሙስ ዘረጋልኝ። እመኑኝ፣ አልተቀበልኩትም። «የልጁ ዕቃ ነው፣ አፌን ባስነካው ማዳም ምን ትለኛለች» ብዬ። የጎረቤት ሾፌር፣ ቤንጋሊ ሰውዬ፣ ከመኪናው ውሃ አምጥቶ ግማሹን አጠጣኝ፣ ግማሹን አንገቴ ላይ አፈሰሰልኝ። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም።

ያን ማታ ተኝቼ ሳስበው ያናደደኝ ሙቀቱ አልነበረም። ለምን ውሃ እንደማልጠጣ በደንብ አውቃለሁ። የኔ መጸዳጃ ግቢ ውስጥ፣ ከጋራዡ ጀርባ ነው። በሄድኩ ቁጥር «የት ነበርሽ?» እባላለሁ። ስለዚህ ላለመሄድ አለመጠጣትን ተማርኩ። ጠዋት አንድ ሻይ፣ ምሳ ላይ አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያ እስከ ማታ ምንም። ከስንት እህቶች ጋር ስናወራ ይኼው ነው የሚሉኝ! ሽንት እያቃጠላት «ብርድ ነው» ብላ የምታልፈው ብዙ ናት። እኔንም ሽንት ሲያቃጥለኝ ከርሞ በመጨረሻ ትኩሳትና የጎን ውጋት መጣና ክሊኒክ ተወሰድኩ። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቴ ደርሶ ነበር። ሐኪሟ ለማዳም በዓረብኛ የነገረቻት አጭር ነው፦ ይህች ልጅ ውሃ ትጠጣ፣ ሽንቷን አትያዝ።

እኛ ሐበሾች «ቻይው» የሚል ቃል እንወዳለን። «እኔ እኮ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ» የምትል እህት ስትገጥመኝ አሁን ዝም አልላትም። አገራችን ብዙዎቻችን ከደጋ ነው የመጣነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ኩዌት ደግሞ ባሕሩ ዳር። እዚህ አገር ሚትሪባህ በሚባል ቦታ በ2016 እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለክቷል። ሰውነት ሙቀትን መልመድ ይችላል፣ ግን አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ያውም ቀስ እየተባለ። አዲስ የመጣች ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው ቶሎ የምትወድቀው። ደግሞም የለመደ ሰው ጭራሽ ቶሎና ብዙ ነው የሚያልበው፤ ስለዚህ ውሃው ይበልጥ ያስፈልገዋል እንጂ አይቀንስለትም። ዱባይ፣ ዶሃ ወይም ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ወበቁን ታውቁታላችሁ። ላቡ ገላ ላይ ይቀራል እንጂ አይደርቅም፤ ካልደረቀ ደግሞ አያቀዘቅዝም።

ኩዌት ውስጥ ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31፣ በኛ ሰዓት ከረፋዱ 5 እስከ 10 ሰዓት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። ለግንባታ ወንድሞቻችን ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ተቆጣጣሪው የሚሄደው ሕንፃው ወደሚሠራበት ቦታ ነው። በቀትር ጣሪያ ላይ ወጥታ ልብስ የምታሰጣዋን፣ ግቢና መኪና የምታጥበዋን፣ ኤሲ በሌለው ኩሽና ውስጥ ሦስት ምድጃ ለኩሳ የቆመችውን ማን ያያታል? ቤት ውስጥ ስለሆንን ጥላ ሥር ያለን ይመስላቸዋል። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68፣ 2015 እ.ኤ.አ.) የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ፣ በመሃል ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት፣ ምግብና ሕክምና በአሠሪው እንዲሆን ይላል። እኔ እንደሚገባኝ ምግብና ሕክምና ያለ ሕግ ውሃን አልከለከለም። ስለዚህ ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ የምትጠይቅ እህት ካለች፣ እባክሽ ተዪ። ጠጪ።

ስንት? እንደ ብስክሌተኞቹ ነው። ሙቀት ላይ ስትሠሪ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ። አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ መገልበጥ አይጠቅምም፣ ጭራሽ ያስታውካል፤ በሰዓት ከሊትር ተኩል በላይም አትጠጪ፣ ያም ጨውሽን አጥቦ ይጎዳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ሐኪሟን ትጠይቅ። መለኪያው መጸዳጃ ቤት ነው። ሽንትሽ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነሽ፤ የቡና ገለባ ከመሰለ ሰውነትሽ ደርቋል። ብዙ ካላበሽ፣ ካስታወከሽ ወይም ካስቀመጠሽ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር፣ በጥብጠሽ ቀስ እያልሽ ጠጪ። ጨዉን አታብዢ። ሻይና ቡና አትተዪ አልልም (ማን ይሰማኛል?)፣ ግን በውሃ ፈንታ አይሁን። ፍልሰታ ደግሞ ሙቀቱ በበረታበት ኦገስት ላይ ነው የምትውለው። የምትፆሚ ከሆነ ማታውን ጠጥተሽ እደሪ፣ ጣሪያ ላይ የሚሠራውን ወደ ጠዋት አምጪው፣ ከታመምሽም የነፍስ አባትሽን በስልክ አማክሪ።

ከማዳም ጋር ስላለው ነገር ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የምድር ቤቱን የእንግዳ መጸዳጃ ልጠቀም ብዬ ስጠይቅ እንቢ አለች። ከክሊኒኩ በኋላ የሐኪሟን ወረቀት ኩሽና ውስጥ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። በዓረብኛ ስለሆነ እሷም፣ ባባም፣ እናቷም አነበቡት። ምንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ «እሺ፣ ግን አጽጂው» አለች። ድሮስ የማጸዳው እኔ አይደለሁም! ሌላ ቀን ደግሞ «ማማ፣ እኔ መንገድ ላይ ብወድቅ ልጁን መኪና እንዳይገጨው ማን ይይዘዋል?» አልኳት። ይኼኛው ነው የገባት። ሁሉም ቤት እንዲህ አይደለም፣ አውቃለሁ። ውሃ ወይም ሐኪም የሚከለከልበት ቤት ካለሽ ግን ያ አመል አይደለም፣ በደል ነው። ኩዌት ውስጥ ላለሽ የቤት ሠራተኞችን አቤቱታ የሚያየው የሰው ኃይል ባለሥልጣን ነው። ሌላ አገር ያለሽ ኤምባሲያችንን ወይም የምታምኚያትን እህት አሳውቂ።

አንድ ነገር ግን ከውሃ በላይ ነው። አብራሽ ያለች ልጅ ንግግሯ ከተምታታ፣ የት እንዳለች ከጠፋት፣ ገላዋ እንደ ምጣድ ከጋለ ወይም ራሷን ከሳተች፣ «ትረፍ እስቲ» አይባልም። ሙቀቱ አንጎሏን እየጎዳ ነው፤ ሊገድላት ይችላል። አምቡላንስ ጥሪ፣ ጥላ ሥር አስገቢያት፣ ልብሷን አላልተሽ ውሃ አፍሺባት፣ አራግቢላት፣ በረዶ ካለ አንገቷና ብብቷ ሥር አድርጊ። ራሷን የሳተች ከሆነ በአፏ ምንም አታጠጪ። ቁጥሮቹ ኩዌት 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ሊባኖስ 140 ናቸው። ዓረብኛው ካልመጣልሽ «አና ታዕባና፣ ሐር» በዪና የሰፈሩን ስም ጥሪ።

ልጁ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ብስክሌቱም ተለቅ ያለ ሆኗል፣ አልደርስበትም። ዓርብ ማታ ባሕሩ ዳር ስንሄድ የስፖርት ብስክሌተኞቹን እናያለን። ሁለት ሁለት ጠርሙስ ብረቱ ላይ ሰክተው፣ ሳይቆሙ እየጠጡ ያልፋሉ። እኔ ማንጠልጠያ የለኝም። የጉምሩክ ዕቃ የምትመስል አሮጌ ከረጢት አለችኝ፣ በውስጧ ሁለት ሃይላንድ፣ አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ። የኔው ላይ በማርከር ስሜን ጽፌበታለሁ። ልጁ ነው ማርከሩን ያመጣልኝ።