ዋስትናው ይቆጥራል፣ መኪናው ጋራዥ ተኝቷል

አዲስ የቅንጦት መኪና የገዛ ነጋዴ ከሻጩ የሚረከበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ብረቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አይበላሽም፣ ቢበላሽም እኛ አለን» የሚለው ቃል ነው። ለመሄድ ብቻ ከሆነ በሩብ ዋጋው የሚሄድ መኪና በየሰፈሩ ሞልቷል። ያ ሁሉ ሚሊዮን ብር የሚቆጠረው ለቃሉ ነው። እንግዲህ ይኸው መኪና በገባ በወሩ ጋራዥ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ሲገባ የተበላሸው ሴንሰር ወይም ገመድ ብቻ አይደለም። ገዢው የከፈለበትን ዕቃ ገና አልተረከበም ማለት ነው።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ በአንድ መልክ ይሄዳል። በመጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች። ጋራዡ መኪናውን በኮምፒዩተር ይመረምራል፣ የተመዘገበውን ስህተት ያጠፋል፣ «ተስተካክሏል» ብሎ ቁልፉን ይመልሳል። ከአሥር ቀን በኋላ ያችው መብራት ትመለሳለች። አሁን ሴንሰሩ ይለወጣል። በሦስተኛው ጊዜ ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ ሆኖ ይገኝና «ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ይታገሡን» ይባላል። በየምልልሱ መስተንግዶው አይጓደልም። ቡና ይቀርባል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ በመጨረሻም «ለእርስዎ በነፃ ነው» ይባላል።

የስሌቱ ስህተት ያለው «በነፃ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በ10 ሚሊዮን ብር አዲስ መኪና ገዛ እንበል። ገንዘቡ ከባንክ የተበደረው ቢሆን የሚከፍለው ወለድ፣ የራሱ ቢሆን ደግሞ በንግዱ ውስጥ ሲሽከረከር ያስገኝለት የነበረው ትርፍ በዓመት 18 ከመቶ ይታሰብ። የዓመቱ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ለ365 ቀን ሲካፈል የአንዱ ቀን ዋጋ 4,930 ብር ገደማ ነው። መኪናው በመጀመሪያው ዓመት በአራት ምልልስ በድምሩ 45 ቀን ጋራዥ ቢተኛ ባለቤቱ ወደ 222 ሺህ ብር የሚጠጋ ወጪ ላልነዳው መኪና ከፍሏል። በእነዚያ ቀናት የተከራየው መኪና፣ ሥራ ፈትቶ የዋለው ሾፌርና የተሰረዘው ቀጠሮ ገና አልተደመሩም። በነፃ የተለወጠው ሴንሰር ከዚህ ሁሉ ጎን ሲቀመጥ ኢምንት ነው።

ይህ ወጪ በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ስለማይጻፍም ማንም አይጠየቅበትም።

ሦስቱ ቆጣሪዎች

መኪናው ጋራዥ በተኛ ቁጥር ሦስት ቆጣሪዎች ያለማቋረጥ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ከላይ የተሰላው የገንዘብ ቆጣሪ ነው። ሁለተኛው የዋስትናው ዘመን ነው። የሻጩ ዋስትና በዓመትና በኪሎ ሜትር የተገደበ ነውና፣ ውሉ በግልጽ ሌላ ካላለ በስተቀር መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ዓመቱ ይቆጠራል። 45 ቀን የተኛ መኪና 45 ቀን ዋስትናውን በልቷል። የበላው ደግሞ ጋራዡ ራሱ ነው።

ሦስተኛው የሕጉ ቆጣሪ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ኃላፊ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ሕጉ ከገዢውም የሚፈልገው አለ። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀም በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለሚጠይቅ ሸማች የሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነው። አሥራ አምስት ቀን ለጫማ ይበቃ ይሆናል። በየሳምንቱ ብቅ እያለ ለሚጠፋ የኤሌክትሪክ ብልሽት ግን መጀመሪያው እንኳ አይደለም።

ጨዋው ነጋዴ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከሻጩ ጋር ላለመቀያየም በቃል ይነጋገራል፣ በስልክ ይጠይቃል፣ «ሰኞ ይምጡ» ሲባል ሰኞ ይመጣል። ይህ ሁሉ ትዕግሥት በወረቀት ላይ አልሰፈረም። ዓመቱ ሲያልቅ በእጁ የሚቀረው መኪናውና ትዝታው ብቻ ነው።

የሻጩ ጥቅም በአንጻሩ በመዘግየት ውስጥ አለ። የዋስትናው ዘመን አልፎ የመጣ ብልሽት የገዢው ወጪ ነው። የዚህ ወጪ ክብደት ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ተለውጧል። በዚያን ዕለት የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ቀድሞ 114 ሺህ ብር ይገመት የነበረ የ2,000 ዶላር መለዋወጫ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር ከ200 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ያልተገኘ ብልሽት ነገ ሲገኝ በእጥፍ ሊያስከፍል ይችላል።

ብልሽቱ ለምን ይመላለሳል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የዛሬው የቅንጦት መኪና ብዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በገመድ እየተነጋገሩ የሚያንቀሳቅሱት ማሽን ነው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያማርራል። የባትሪው ኃይል ሲወርድ ብቻ ከሞተሩም፣ ከፍሬኑም፣ ከኤር ሳስፔንሽኑም የብልሽት መልእክት ሊመጣ ይችላል። መልእክቱን ማጥፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የመልእክቱን ምንጭ ማግኘት ግን ሙሉ የምርመራ መሣሪያ፣ የፋብሪካው የጥገና መረጃና መኪናውን ለቀናት እየነዳ የሚከታተል የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ይህ በሌለበት ጋራዥ ጥገና ማለት በግምት ዕቃ መለወጥ ይሆናል።

ቪትዝ ወይም ኮሮላ ሲበላሽ ሶማሌ ተራ አለ። ዕቃው ይገኛል፣ አዲሱ ባይገኝ ያገለገለው ይገኛል፣ መካኒኩም በየመንደሩ ነው። የአዲስ አበባ ገበያ ለእነዚህ መኪኖች ዋጋ የሚሰጠው ብረታቸውን ብቻ አይቶ አይደለም። ሶማሌ ተራን አብሮ ገምቶ ነው። በብዙ የቅንጦት መኪኖች ላይ ግን የቁጥጥር ሳጥኑ ከመኪናው መለያ ቁጥር ጋር በሶፍትዌር የተሳሰረ ስለሆነ ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ ቢገጠምለትም ያለ ፋብሪካው ፈቃድ አይቀበልም። እዚያ ላይ የሶማሌ ተራ ጥበብ ይቆማል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ ይዟል። ከገቡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የመጡት በፋብሪካው ወኪል ሳይሆን በግል አስመጪዎች ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው ፎልክስዋገን አይዲ 6 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለመደ መኪና ሆኗል። እንዲህ ዓይነቱን መኪና የገዛ ሰው ፋብሪካው በቻይና የሰጠው ዋስትና ቦሌ ላይ ይሠራልኛል ብሎ መተማመን የለበትም። ዋስትናው አስመጪው ራሱ የፈረመው ወረቀት ነው። ወረቀት ከሌለም ዋስትና የለም።

ስም ሲበላሽ

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አስረድቷል። አሜሪካውያን እንከነኛ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። ሻጩ ሎሚውን ከደህናው ለይቶ ያውቃል፣ ገዢው ግን አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ የጥርጣሬ ዋጋ ይሆናል። የደህና መኪና ባለቤት በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ሲወጣ ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

ይህን የአዲስ አበባ ደላላ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። «ይቺ ሞዴል ጋራዥ ታበዛለች» የሚል ወሬ በሻይ ቤት አንድ ጊዜ ከተነሣ ያ ሞዴል ሁሉ ይቀጣል። ጋራዥ ገብቶ የማያውቀው መኪና ባለቤትም ዋጋው ይወርድበታል። ደላላው ኮሚሽኑ ይቀንሳል። በመጨረሻም ወሬው አዲሱን መኪና ወደሚሸጠው መደብር ይደርሳል። አንድ እንከነኛ መኪና መልሶ ከመረከብ ሲሸሽ የሃምሳ መኪና ገበያ ያጣ ሻጭ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ይመስላል።

በዓለም ገበያ ይህን ያስተማሩ ሁለት ጉዳዮች አሉ። መርሴዲስ ቤንዝ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ አዲስ የፍሬን ሥርዓት በመኪኖቹ ላይ ከገጠመ በኋላ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 ወደ 680 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። በመጋቢት 2005 ደግሞ ለፍሬኑ፣ ለባትሪ መቆጣጠሪያውና ለአልተርኔተሩ ሲል 1 ሚሊዮን 300 ሺህ መኪኖችን ጠራ። ኩባንያው የፍሬን ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2006 በተሻሻለው ኢ ክላስ ላይ ትቶታል። ትልቅ ስም ከእንከን አያድንም፤ ግን ጥፋትን አምኖ መጥራት፣ ካልሆነም ማንሳት ይቻላል።

ሁለተኛው የሌክሰስ ነው። የመጀመሪያው ኤልኤስ 400 በአሜሪካ ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989፣ ሁለት ደንበኞች ቅሬታ አቀረቡ። ኩባንያው ሦስተኛውን እስኪመጣ አልጠበቀም። ተሸጠው የነበሩትን 8 ሺህ ያህል መኪኖች ሁሉ ጠርቶ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ አስተካከለ። መኪኖቹን ከደንበኞቹ ዘንድ እየወሰደ፣ አጥቦና ነዳጅ ሞልቶ መለሰ። አዲስ የነበረው ስም በብልሽቱ ይሞታል ሲባል በብልሽቱ ታወቀ።

የሻጮቹም ወገን የሚለው አለው፤ ሊደመጥም ይገባል። ዕቃ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ለዓመታት ያሰቃያቸው እነሱን ነው። ደንበኛው መኪናውን በየመንደሩ ኤሌክትሪሺያን አስከፍቶ ሲያበቃ ዋስትና ይጠይቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ በመጨናነቅ ውስጥ የሚነዳ ቱርቦ ሞተር በቆላ እንደሚነዳው አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የአገሩን ከፍታም ሆነ የዕቃውን ወረፋ ሻጩ ከመሸጡ በፊት ያውቃል፤ ዋጋውንም ሲተምን አስገብቶታል። ያወቀውን አደጋ ከሽያጩ በኋላ ለገዢው ማሸከም ንግድ አይባልም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በካሊፎርኒያ ሕግ አዲስ መኪና በ18 ወር ወይም በ18 ሺህ ማይል ውስጥ ለአንድ ዓይነት ብልሽት አራት ጊዜ፣ ለሕይወት ለሚያሰጋው ደግሞ ሁለት ጊዜ ከተጠገነ፣ ወይም በድምሩ ከ30 ቀን በላይ ጋራዥ ከተኛ፣ በቂ የጥገና ዕድል እንደተሰጠው ይገመታል። ካልዳነ አምራቹ መለወጥ ወይም ገንዘቡን መመለስ ይጠበቅበታል። መኪናው ለዋስትና ጥገና የቆየበት ጊዜም ከዋስትናው ዘመን አይቀነስም፤ ቆጣሪው ይቆማል።

እንዲህ ያለ ሕግ እዚህ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው። አሥር ሚሊዮን ብር የሚከፍል ገዢ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር ማስጻፍ ይችላል። አንደኛ፣ መኪናው ለጥገና የተኛበት ቀን ሁሉ በዋስትናው ላይ ይጨመር። ሁለተኛ፣ ጥገናው ከአምስት ቀን በላይ ከወሰደ ሻጩ ተተኪ መኪና ያቅርብ። ሦስተኛ፣ አንድ ዓይነት ብልሽት ከሦስት ጥገና በኋላ ከተመለሰ መኪናው ይለወጥ ወይም ገንዘቡ ይመለስ። አራተኛ፣ መኪናው በገባና በወጣ ቁጥር ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተነገረው ችግርና የተሠራው ሥራ ተጽፎና ተፈርሞበት አንዱ ቅጂ ለገዢው ይሰጥ።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ውሉ ቀድሞ የተፈረመበት ገዢ እንኳ ከነገ ጀምሮ ሊጠይቀው ይችላል፤ ሻጩ ወረቀት ካልሰጠም ችግሩን ራሱ በደብዳቤ ጽፎ በቀንና በማኅተም ማስረከብ ይችላል። ያ ወረቀት በፍርድ ቤት ማስረጃ ነው። መኪናው በመጨረሻ ከዳነም ለሽያጭ ሲቀርብ ከሊብሬው ጋር አብሮ የሚታይ የታሪክ መዝገብ ይሆናል። ደላላውም ከወሬ ይልቅ የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ገዢው አንድ ጉብኝት ቢያደርግ ይሻለዋል። የመኪናውን ማሳያ አዳራሽ አልፎ ከኋላ ያለውን ጋራዥ ይይ። የምርመራው መሣሪያ ለዚያ ሞዴል የተሟላ መሆኑን፣ የሠለጠኑት ባለሙያዎች ስንት እንደሆኑ፣ በመጋዘኑ የትኞቹ ዕቃዎች እንዳሉ ይጠይቅ። ያንኑ ሞዴል ከዓመት በፊት የገዛ ደንበኛ ስልክም ይጠይቅ። ሻጩ በእነዚህ ጥያቄዎች ከተከፋ መልሱ ተገኝቷል፤ ገንዘቡም ገና በኪስ ነው።