ልጆችን ይዞ ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት

እናቶች፣ ልጆቻችሁ በዕረፍት ቀን «ዛሬ የት እንሂድ?» ብለው ሲያስጨንቋችሁ ምን ትመልሳላችሁ? በቅርቡ ሐርቡ እህቴ ዘንድ በሰነበትኩበት ጊዜ ይኸው ጥያቄ እኔንም ገጠመኝ። ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ብሎናል። የ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅ በቴሌቪዥን ያየችውን አንሥታ «ሰዎቹ በሸራ ጀልባ ከደሴት ደሴት እየዞሩ ይኖራሉ፤ እኛስ?» አለች። እውነቷን ነው። በሞቃት ባሕሮች ላይ፣ በኮራል አለት በተከበበ ጸጥተኛ ውሃ ውስጥ፣ ቤተሰብ ይዘው ወራት የሚከርሙ ጀልባዎች አሉ። እኛ ባሕር ባይኖረን ሐይቅ አለን።

ማለዳ 12 ሰዓት ተነሣን። ከሐርቡ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥተን ደሴ፣ ከደሴም ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል። ስንቃችን ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ዕንቁላልና በቴርሞስ የተያዘ ሻይ ነበር። (ከሐርቡ በስስ ልብስ የወጣ ልጅ ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ሹራብ አትርሱ።)

ስለ ሐይቅ አፈጣጠር የሚነገረውን አፈ ታሪክ ለልጆቹ ነገርኳቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ትበደላለች። ፈጣሪም ተቆጥቶ ዙሪያውን ውሃ ያደርገዋል፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ቦታ ላይ ነው በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው። ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ ያለ ጀልባም ይደረሳል። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ እኛ ሴቶች ውጭ ቀረን። ለተበደለች ሴት ሲባል የተረፈ መሬት ነው የሚባለው መሆኑን እያሰብኩ ትንሽ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ጀልባው ዘንድ ስንደርስ ነገር ተበላሸ። እኛ ሦስት ዐዋቂና አራት ልጆች ነን፤ ያለው የመንሳፈፊያ ጃኬት ሁለት፣ ሁለቱም የትልቅ ሰው። አንዱን ለልጅቱ አልብሼ ትከሻውን ይዤ ወደ ላይ ሳብ ባደርገው ጆሮዋን አልፎ ወጣ። ውሃ ውስጥ ብትገባ ጃኬቱ ተንሳፍፎ እሷ ትሰጥማለች ማለት ነው። «አንሄድም» አልኩ። «አንቺ ደግሞ! ማዶው እዚህ አይደለም እንዴ?» አለ የእህቴ ባል። ማዶው ቅርብ ይመስላል፤ ወደ ታች ግን ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ስፋቱ ከመቶ ጊዜ በላይ የሚበልጠው ጣና እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ነው። ከመካከላችን ዋና የሚችል ማን ነበር? ማንም።

ልጅቱ አለቀሰች፤ ባልየው አኮረፈ፤ እህቴ ዝም አለች። አንድ ባለ ታንኳ ብቻ «እትዬ፣ እውነትዎን ነው» ብሎ ዳር ላይ በገመድ በታሰረችው ታንኳ ልጆቹን በየተራ አስቀመጣቸው፤ ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር።

ሌላም ያስደነገጠኝ ነገር አለ። አንዲት እናት ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ፣ በላዩም ጋቢ ደርባ ጀልባ ላይ ስትወጣ አየሁ። እባካችሁ፣ በጀልባ ላይ ሕፃን በጀርባ አይታሰር። ጀልባው ቢገለበጥ አንቀልባውን ለመፍታት ጊዜ አይገኝም፤ የረጠበ ጋቢም ወደ ታች ይጎትታል። ልኩ የሆነ ጃኬት የሌለው ሕፃን ዳር ላይ ከአያቱ ጋር ይቆይ።

በመመለሻችን አውቶቡስ ውስጥ ልጅቱ ኩርፊያዋን ትታ ስለ ጣና ጠየቀችኝ። በደንገል ስለሚሠራው ታንኳ፣ በደቅ ደሴት ላይ ስለሚኖሩት ሰዎች፣ ከደቅ አጠገብ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ስላሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነገርኳት። ክብራን ገብርኤል ሴት ባያስገባም ናርጋ ግን ሴቶችም ይገባሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጉዞው በጠዋት እንደሚሻል፣ ከመነሣትም በፊት የመንገዱን ደኅንነት ማጣራት እንደሚገባ ለአባቷ ጭምር እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

«አክስቴ፣ እዚያስ የልጅ ልክ ጃኬት አለ?»

«ሳንሄድ ደውለን እንጠይቃለን» አልኳት።