ደብዳቤን በገዛ ቤት ስለ መጠበቅ

ቤቱን በሥርዓት የሚያስተዳድር ሰው ከእህሉና ከገንዘቡ ይልቅ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ደብዳቤው ነው። እህል ቢጠፋ በሚመጣው መኸር ይተካል፤ ገንዘብም ቢጠፋ በሥራ ይገኛል፤ የርስት ጽሑፍና የሟች ወላጅ ቃል ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ አባቶቻችን ወረቀታቸውን በሣጥን ቈልፈው ቍልፉን ለሚታመን ሰው ይሰጡ ነበር።

ዛሬ ደብዳቤያችን ኢሜይል፤ የቤታችንም መታወቂያ ድረ ገጽ ሆኗል። ሣጥኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ማዶ ባለ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ይህን ያልወደደ ሰው ትንሽ ኮምፒዩተር ገዝቶ፤ ቀንና ሌሊት ሳያጠፋ፤ ድረ ገጹንና ኢሜይሉን ከገዛ ቤቱ ሊያስተናግድ ይችላል። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። አሳቡ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን የጥበቃው ሸክም አብሮ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

አንድ ዘመዳችን ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ መንዝ፤ መሐል ሜዳ ባለው ቤታቸው ሰርቨር አቆሙ። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸውና የቤተ ሰቡን የትውልድ ቍጥር፤ ፎቶግራፉንና ደብዳቤውን ሁሉ በዚያ አኖሩ። አንድ ክረምት መብራት ዘጠኝ ቀን ጠፋ። በዚያው ሳምንት ሴት ልጃቸው ሐኪም ቤት ተኝታ የላከችው ደብዳቤ ተቀባይ አጥቶ ወደ እርስዋ ተመለሰ። እርስዋም «አባቴ ጨከነብኝ» ብላ አለቀሰች። እርሳቸው ግን የተጻፈላቸው ነገር መኖሩን እንኳ አላወቁም ነበር።

የዚህም ምክንያቱ ግልጥ ነው። ኢሜይል የሚልከው ሰርቨር ተቀባዩን ባያገኘው ደብዳቤውን ወዲያው አይጥለውም፤ እየደጋገመ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አራትና አምስት ቀን ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለላኪው ይመልሰዋል።

ደብዳቤ እያጠራቀሙ መላክ በአገራችንም የታወቀ ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሳይገባ፤ አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ የሚባለው ክፍል የብዙ ሰዎችን ደብዳቤ በኮምፒዩተር አጠራቅሞ በስልክ መስመር ከለንደን ጋራ ይለዋወጥ ነበር። መኪናው የዛሬውን ያህል ኃይል አልነበረውም፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ሠራተኛ ነበረው።

እንግዲህ ሰርቨር በቤቱ ሊያቆም የሚወድ ሰው አራት ነገር ይመርምር። መጀመሪያ፤ ቍጥሩን። ብዙ ቤቶች በኢንተርኔት ላይ አንድ ቍጥር ተጋርተው ይሠራሉ፤ ቍጥሩም ይለዋወጣል። ስለዚህ የራሱ የሆነ ቋሚ ቍጥር ከቴሌ ድርጅቱ ይጠይቅ። ሁለተኛ፤ መብራቱንና መስመሩን። ባትሪ ለጥቂት ሰዓት ይረዳል፤ መስመር ሲቋረጥ ግን አይረዳም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቅረቱን ማንም አይዘነጋውም። ሦስተኛ፤ ማኅተሙን። አታላዮች በሰው ቤት ኮምፒዩተር ሰርገው እየገቡ የሐሰት ደብዳቤ ስለሚበትኑ፤ ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ኢሜይል ይጠረጠራል። ጉግልም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የላኪውን እውነተኛነት የሚያስረዳ ምልክት የሌለውን ደብዳቤ ሊመልስ ይችላል። አራተኛ፤ ወራሹን። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የቤቱ ጌታ ብቻ ከሆነ፤ እርሱ በሞተ ዕለት የቤተ ሰቡ ደብዳቤ ሁሉ አብሮት ይቀበራል።

የመንዝ ሰው የዚህን ነገር ምሥጢር ከጥንት ያውቀዋል። የጓሳ ሣር ለብዙ መቶ ዓመት ሳይጠፋ የኖረው ባለቤት ስላለው ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ሰው ጠባቂ እየመረጠ፤ ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ወራት እየወሰነ ስላቈየው ነው። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ ጋራ በፈረሰ ጊዜ ሣሩ ተጐዳ፤ ሕዝቡም ጥበቃውን በሌላ መልክ እንደ ገና ማቋቋም አስፈለገው። ጠባቂ የሌለው ንብረት የማንም ነውና።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ድረ ገጹና የቤተ ሰቡ መዝገብ በቤት ሰርቨር ይቀመጥ፤ ድረ ገጽ አንድ ሳምንት ቢዘጋ እንግዳው ተመልሶ ይመጣል። ኢሜይሉ ግን በኪራይ፤ ጠባቂና መብራት በማይጐድልበት ስፍራ ይደር፤ ግልባጩም በየሌሊቱ ወደ ቤት ይምጣ። ከሁሉ በላይ ከምልክቱ በኋላ የሚጻፈው የኢሜይል ስም በቤተ ሰቡ ተመዝግቦ ኪራዩ በየዓመቱ ይከፈል። ስሙ የራስ ከሆነ ሣጥኑን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ አድራሻውም አይለወጥም። የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ለባለቤት ወይም ለታመነ ልጅ ይሰጥ።

ዘመዳችን ዛሬ እንዲህ አድርገዋል። ሰርቨሩ እስካሁን በሳሎናቸው ይሠራል፤ የልጃቸው ደብዳቤ ግን መብራት ቢጠፋም ሳይመለስ ይጠብቃቸዋል።