ሁለት መልቲሜትር፣ አንድ ሶኬት

ፍሪጃችን ተቃጠለ። እኛ ሦስት ተከራዮች «የግቢው መብራት ኃይሉ ወርዶ ነው» አልን። አከራያችን ጋሼ ደግሞ «መብራቱ ምን ሆነና! ዕቃችሁ ነው ያረጀው» አሉ። ክርክሩ ወደ መልቲሜትር ዞረ። በአንድ ሶኬት፣ በአንድ ደቂቃ፣ የእኛው 204 ቮልት አለ፤ ጋሼ ያመጡት ባለሙያ መሣሪያ 216። 204 ከሆነ ጋሼ ያሠሩልናል፣ 216 ከሆነ ከኪሳችን እንከፍላለን፤ ጠቡ ይኸው ነው።

የሁላችንም ጥፋት አንድ ነበር፦ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር እንደ ፍርድ ወሰድነው።

ከመልቲሜትር ጋር የምትመጣዋን፣ ሁላችንም ከካርቶኑ ጋር የምንጥላትን ወረቀት እስቲ ግለጧት። የእኛዋ በ750 ቮልት ኤሲ ሬንጅ «±(1.2% + 10 ዲጂት)» ትላለች። የ204 1.2 በመቶ 2.4 ነው። ዲጂት የሚባለው ስክሪኑ ሊያሳይ የሚችለው ትንሹ ልዩነት ነው፤ እዚህ ሬንጅ ላይ 1 ቮልት ስለሆነ 10 ዲጂት 10 ቮልት ይሆናል። ድምሩ 12.4። ስለዚህ የእኛ 204 ከ191.6 እስከ 216.4 ድረስ የትኛውም ሊሆን ይችላል። የባለሙያው መሣሪያም ያው ዓይነት ስለነበር የእሱ 216 ከ203.4 እስከ 228.6 ነው። ሁለቱ ይደራረባሉ። አልዋሹም፤ ግን ለመዳኘት አይበቁም።

የተሻለ መሣሪያ ተዋስን፦ 1% + 3 ዲጂት፣ ዲጂቱም 0.1 ቮልት። 209.3 አለ። ስህተቱ 2.1 ሲደመር 0.3፣ 2.4 ቮልት ብቻ። ከ220 በ5 በመቶ ገደማ ያነሰ፤ እኛ እንደጮህነውም፣ ጋሼ እንደማሉትም አይደለም።

ትምህርት ቤት የስህተት ስሌት ለማርክ ስንል ከጓደኛ የምንገለብጣት አንቀጽ ነበረች። ለካ ገንዘብ የሚወሰንባት እሷ ኖራለች! እኛ እንደምናምነው፣ ስንት ሊሳሳት እንደሚችል ያልተነገረለት ቁጥር ግማሽ ቁጥር ነው።

ፍሪጁን ማን ያሠራል? ገና ነው። የተቃጠለው ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ነው፤ የለካነው ግን በቀን። ዛሬ ማታ ከጋሼ ጋር አብረን እንለካለን። ወረቀቷንም ይዘን።