ያላለውን አታስብሉት



በየአጥቢያችን ስልካቸውን አቁመው ትምህርት እየቀረጹ በዩቲዩብ የሚለቅቁ ወጣቶችና ባለ ትዳሮች አሉ። አንዳንዶቹም ከመዝሙርና ከስብከት አልፈው መጽሐፍ ወደ ማስረዳት ገብተዋል። ስለ ሥነ ምግባር የተጻፈን የፍልስፍና መጽሐፍ አንብቦ በቀላል አማርኛ ማስረዳት መልካም አገልግሎት ነው። ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስለ እነዚህ መጻሕፍት ይሰማሉ፤ ቤት ሲመለሱ ግን አብሯቸው የሚወያይ ሰው አያገኙም።

ይሁንና ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። መጽሐፉን የጻፈው ሰው መጥቶ ቪዲዮአችሁን ቢመለከት፣ «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ይላችኋል? በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ለጎረቤታችን ብቻ ሳይሆን ለማንስማማበት ፈላስፋም ይሠራል። እስቲ በአንድ መጽሐፍ እንመልከተው።

ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1724 ኮኒግስበርግ በምትባል የፕሩሺያ ከተማ ተወለደ፤ ከተማዋ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ሥር ናት። አባቱ ልጓምና ሌላ የፈረስ ዕቃ ከቆዳ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ወላጆቹ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለግል ጸሎትና ለቅድስና ሕይወት ትልቅ ስፍራ የሚሰጠው የፓየቲስቶች እንቅስቃሴ ተከታዮች ነበሩ። ካንት በ1785 ስለ ሥነ ምግባር መሠረት የጻፈው መጽሐፍ አንድ መግቢያና ሦስት ክፍሎች ብቻ ያሉት ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ከባድ ነው። ስለዚህም አስረጂዎች በሦስት ቦታ ይሰናከሉበታል።

አንደኛ፣ የሌላ ጽሑፍ ታሪክ ያስገቡበታል። ነፍሰ ገዳይ ደጅ አንኳኩቶ ወዳጅህ የት እንዳለ ቢጠይቅህ መዋሸት ይገባሃልን? ይህ ታሪክ ሰውን ስለሚስብ ብዙዎች ቪዲዮአቸውን በእርሱ ይጀምራሉ። ነገር ግን ታሪኩ በ1785ቱ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ካንት ጉዳዩን ያነሣው በ1797፣ ለቤንዣመን ኮንስታን መልስ በሰጠበት አጭር ጽሑፍ ነው። መጽሐፉ የራሱ ምሳሌዎች አሉት። ገንዘብ የቸገረው ሰው እንደማይመልስ እያወቀ «እመልሳለሁ» ብሎ ይበደራል። ካንት የሚለው፣ ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ «እመልሳለሁ» የሚለውን ቃል የሚያምን ስለማይገኝ፣ ውሸቱ የሚደገፍበት መተማመን ራሱ ይፈርሳል ነው። አበድሮ የቀረበት ሰው ሁሉ ይህን ለመረዳት ነፍሰ ገዳይ አያስፈልገውም። ሕፃን ሱቅ ሲላክ ዋጋ የማይጨምርበት ባለሱቅም በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ባለሱቁ እንዲህ ያደረገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ነው ወይስ ትክክል ስለሆነ? ይህ ጥያቄ ለአንድ ቪዲዮ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ አንዲት ቃል ይጥላሉ። «ካንት ሰውን መሣሪያ አታድርግ ይላል» ሲባል ትሰማላችሁ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ታክሲ መሳፈርም ኃጢአት በሆነ ነበር፤ ሾፌሩን መድረሻችን አድርገነዋልና። ካንት የሚከለክለው ሰውን መሣሪያ ብቻ ማድረግን ነው። «ብቻ» የምትለው ቃል ከወደቀች ሐሳቡ በሙሉ ይወድቃል። ሾፌሩ ያደርሰናል፤ ግን የራሱ ክብርና ዓላማ ያለው ሰው ነው፤ አናታልለውም፣ አናዋርደውም።

ሦስተኛ፣ የእኛ ሰባኪ ያደርጉታል። «ካንት ያለው ያው በማቴዎስ 7፥12 ያለውን ነው» ማለት ለጆሮ ደስ ይላል። እርሱ ግን በግርጌ ማስታወሻ፣ በራስህ እንዲደረግ የማትወደውን በሌላው አታድርግ የሚለው የተለመደ አባባል የእርሱን መርሕ እንደማይተካ ጽፏል። ምክንያቱን ሲሰጥም፣ ወንጀለኛ በዚህ አባባል ይዞ ከፈራጁ ጋር ሊከራከር ይችላል ይላል። እዚህ ላይ ታማኝ አስረጂ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ካንት ራሱ ልዩነት እንዳደረገ፣ ደግሞም የጠቀሰው «አታድርግ» የሚለውን መልክ እንጂ ጌታ «አድርጉ» ብሎ ያስተማረውን እንዳልሆነ።

ስምምነቱንም ልዩነቱንም ሳትደብቁ ንገሩ። ጠላትን እንኳ እንድንወድ የሚያዘውን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ካንት ሲያብራራ፣ ስሜት በትእዛዝ አይመጣም፤ የሚታዘዘው በፈቃድና በሥራ የሚገለጥ ፍቅር ነው ይላል። ስሜቱ በደከመበት ሳምንት ለባለ ትዳሮች ይህ እንዴት ያለ ብርቱ ሐሳብ ነው! ያው ካንት ደግሞ የወንጌሉን ቅዱስ እንኳ ቅዱስ ነው ከማለታችን በፊት፣ በአእምሮአችን ካለው የፍጹምነት ሐሳብ ጋር ማነጻጸር አለብን ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። አለመስማማታችንን ግን የእርሱን ሐሳብ በትክክል ካስረዳን በኋላ «ይህ የእኔ እምነት ነው» ብለን ለይተን እንናገር። አለበለዚያ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጽሐፉን ራሱ ሲያነብና ያልነው ሳይገኝ ሲቀር፣ ስለ ካንት ብቻ ሳይሆን ስለ ወንጌልም የነገርነውን መጠራጠር ይጀምራል።

ለሥራው የምመክረው ቀላል ነው። በአንድ ቪዲዮ አንድ ሐሳብ ብቻ ያዙ። ከመቅረጻችሁ በፊት መጽሐፉን ላላነበበ ሰው፣ ለባላችሁ ወይም ለሚስታችሁ፣ አስረዱና መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። መልሶ መናገር ካልቻለ ገና ግልጽ አላደረጋችሁትም። ስሕተት ከተገኘም በሚቀጥለው ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ አርሙ።

ይህ ልማድ ከካሜራው ፊት ይልቅ በቤታችን ያስፈልገናል። ሚስት «ዛሬ ብቻ አልተመቸኝም» ትላለች፤ ባል «ብቻ»ን ጥሎ «አልተመቸኝም አለችኝ» ብሎ ያዝናል። ባል ስለ ወጪ ይናገራል፤ ሚስት የአምና ታሪክ አስገብታ ትመልሳለች። ከመመለሳችን በፊት «ያልሽው ይህ ነው?»፣ «ያልከው ይህ ነው?» ብንባባል ስንት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር!

ካንት በ1804 ስለሞተ መጥቶ «እንዲህ አላልኩም» ሊላችሁ አይችልም። የትዳር ጓደኛችሁ ግን አጠገባችሁ አለ፤ ዛሬ ማታ ጠይቁት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።